ከቀድሞ የጀርመን የጦር ምርኮኛ ጋር ስለነበረኝ ወዳጅነት

ጀርመን አገር በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች የምትሠሩ፣ ከአንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ ጋር በአንድ ሕንፃ የምትኖሩ፣ ወይም በገዛ ቤታችሁ ከምርኮ የተመለሰ አባት፣ አጎት ወይም ወንድም ያላችሁ ወገኖች የሚጠቅማችሁ ነገር ብታገኙበት ብዬ ይህን ጽፌአለሁ። የምናገረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተማርከው በአሜሪካና በእንግሊዝ አምስት ዓመት በምርኮ ስለኖሩ፣ በኋላም በእርጅናቸው ዘመን ወዳጄ ስለሆኑ አንድ ጀርመናዊ ነው። ልጆቻቸው በሕይወት ስላሉ የእሳቸውንም ሆነ የኖርንባትን ከተማ ስም አልጠቅስም። ዓመታቱ፣ የኢትዮጵያ ብዬ ካልለየኋቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዚህ ወዳጅነት ያገኘሁት ትምህርት በአጭሩ የሚከተለው ነው። ምርኮኛ የነበረ ሰው ስለ ምርኮው ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ሳይሰስት ያወራል፤ ከመማረኩ በፊት ስላየውና ስላደረገው ነገር ግን የሚናገረው አንድ ትንሽ፣ ተጨባጭና ቁርጥ ያለ ጥያቄ የሚያቀርብለት ሰው ሲገኝ ነው። ወዳጅ መሆንም ይህን ጥያቄ ከመጠየቅ ነጻ አያወጣም።

ጀርመን የገባሁት በ1984 በሱዳን በኩል ሲሆን፣ የተመደብኩትም በታችኛው ሳክሶኒ በምትገኝ አነስተኛ ከተማ ዳር በነበረ የጥገኝነት ጠያቂዎች መጠለያ ነበር። የሥራ ፈቃድ ስላልነበረኝ ቀኑ አልመሽ ይለኝ ነበር። ከመጠለያው አጥር ማዶ ለከተማው ነዋሪዎች በአነስተኛ ኪራይ የሚሰጡ፣ ክላይንጋርተን የሚባሉ የአትክልት ቦታዎች ተደርድረዋል፤ ከአጥሩ ጋር በሚዋሰነው ቦታ ላይ ስድሳ ዓመት የሞላቸው አንድ ረጅም ሰው ድንች ሲኮተኩቱ በየቀኑ አያቸዋለሁ። አንድ ቀን የእጅ ጋሪያቸው ጭቃ ውስጥ ተይዞባቸው አገዝኳቸውና ንግግር ጀመርን። ከኢትዮጵያ መምጣቴን ስነግራቸው «አቢሲኒያ!» ብለው ቀና አሉና፣ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በኖቬምበር 1954 ምዕራብ ጀርመንን ሲጎበኙ በጋዜጣ የወጣውን ፎቶግራፍ እንደሚያስታውሱ ነገሩኝ። ከጦርነቱ በኋላ ያችን አገር በይፋ የጎበኙ የመጀመሪያው የውጭ ርዕሰ ብሔር እሳቸው ስለነበሩ፣ በዚያ ዘመን የነበሩ ጀርመናውያን ጉብኝቱን አይረሱትም።

የገረመኝ ግን ቀጥሎ የጠየቁኝ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ለምን እንደመጣሁና መቼ እንደምመለስ ነበር የሚጠይቀኝ። እሳቸው «በአንድ ክፍል ስንት ሆናችሁ ነው የምታድሩት?» አሉኝ። ስድስት አልኳቸው። «ምግቡን የሚያበስለው ማን ነው? ራሳችሁ ናችሁ ወይስ ተበስሎ ይመጣላችኋል?» ተበስሎ እንደሚመጣ ነገርኳቸው። «ደብዳቤስ ይደርስሃል?» አሉኝ በመጨረሻ። እነዚህ ጥያቄዎች በእንዲህ ዓይነት ቦታ የኖረ ሰው ጥያቄዎች እንደሆኑ ስለገባኝ፣ እርስዎም ስደተኛ ነበሩ እንዴ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ስደተኛ አልነበርኩም፤ ግን ከአጥር ጀርባ አምስት ዓመት ኖሬአለሁ» አሉና ወደ ኩትኳቷቸው ተመለሱ።

ወዳጅነታችን የጠነከረው በታላቅ ወንድሜ ጉዳይ ነው። ወንድሜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1970 መጀመሪያ፣ የሶማሊያ ጦር ጅጅጋን በያዘበት ሰሞን የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ቀረ። ሞቷል ያለንም፣ ተማርኳል ያለንም አልነበረም። እናቴ ተዝካሩን ላውጣ ብትል ልጄን በሕይወቱ እቀብረዋለሁ ብላ ትፈራለች፣ ልተወው ብትል ደግሞ ነፍሱን በደልኩ ብላ ትጨነቃለች። ይህን ለሽማግሌው ያወራሁት እንዲያው ለጨዋታ ያህል ነበር። እሳቸው ግን መቆፈሪያቸውን አስቀምጠው «ሞቷል የሚል ወረቀት ደርሷችኋል?» አሉኝ። አልደረሰንም። «ጄኔቭን ጠይቃችኋል?» አልጠየቅንም፤ መጠየቅ እንደሚቻልም አናውቅም ነበር።

ቱኒዚያ ውስጥ በተማረኩ ጊዜ ከሞሉት ወረቀት ሁሉ መጀመሪያ የነበረው ስማቸው፣ የትውልድ ቀናቸውና የቤተሰባቸው አድራሻ የሰፈረበት ካርድ መሆኑን፣ እናታቸውም ልጃቸው በሕይወት መኖሩን ከወራት በኋላ ያወቁት በዚያ ካርድ መሆኑን በዚያው ዕለት ነገሩኝ። በ1929 የወጣው የጄኔቭ ስምምነት ምርኮኛው ሁኔታውን ለቤተሰቡ እንዲያሳውቅ ያዝዛል፤ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴም የምርኮኞችን ስም ጄኔቭ በሚገኘው ማዕከሉ ይመዘግብ ነበር። በሳምንቱ በአሮጌ መኪናቸው ወደ ከተማው ቀይ መስቀል ጽሕፈት ቤት ወሰዱኝ። ቅጹ የሚጠይቀው የግል ስምና የቤተሰብ ስም ነበርና፣ የእኛ ስም አያያዝ እንደዚያ አይደለም ብዬ ላስረዳ ስሞክር የተቀበለችን ሠራተኛ ግራ ገባት። ያን ጊዜ ሽማግሌው ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው የወንድሜን ስም፣ የአባታችንን፣ የአያታችንን፣ የተወለደበትን ወረዳ፣ የክፍሉን ስምና በመጨረሻ የታየበትን ቦታ አንድ በአንድ እየጠየቁኝ ጻፉ። ስሙ በላቲን ፊደል በአራት በአምስት ዓይነት ሊጻፍ እንደሚችል ስነግራቸውም ሁሉንም አሰፈሩ። «የምርኮኛን ስም የሚጽፈው የማረከው አገር ጸሐፊ ነው፤ በጆሮው እንደሰማው ይጽፈዋል» አሉ። የእሳቸውን ስምም አሜሪካውያን አጣመው ጽፈውባቸው እስከ መጨረሻው በተጣመመው ስም ነበር የተጠሩት።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ወንድሜ ሶማሊያ ውስጥ በምርኮ በሕይወት እንዳለ የሚገልጽ መልስ መጣ። ኢትዮጵያና ሶማሊያ በ1988 ሚያዝያ ላይ ከተስማሙ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ በእኛ 1980 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ከአሥራ አንድ ዓመት እስር በኋላ አገሩ ገባ። ስለዚህ የጠፋባችሁ ዘመድ ካለ፣ የምትኖሩበት አገር ቀይ መስቀል ወይም ቀይ ጨረቃ ማኅበር የጠፉ ሰዎችን የማፈላለግ አገልግሎት እንዳለው አትዘንጉ፤ አገልግሎቱ ገንዘብ አያስከፍልም። ስትሄዱም እስከ አያት ያለውን ስም፣ የቅጽል ስሙን፣ ካለም የክርስትና ስሙን፣ በላቲን ፊደል ሊጻፍ በሚችልበት መንገድ ሁሉ አዘጋጅታችሁ ሂዱ።

የእሳቸውን ታሪክ የሰማሁት በብዙ ዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው፤ የተናገሩበት ቅደም ተከተልም የራሱ ትርጉም ነበረው። በመጀመሪያ የሰማሁት ስለ ምግብ ብቻ ነው። በግንቦት 1943 በሰሜን አፍሪካ የነበረው የጀርመንና የኢጣሊያ ጦር ቱኒዚያ ላይ እጁን ሲሰጥ ከ200 ሺህ የሚበልጥ ወታደር ተማረከ፤ ወዳጄ ገና 19 ዓመት አልሞላቸውም ነበር። በጭነት መርከብ ውቅያኖሱን ተሻግረው አሜሪካ ሲደርሱ የእንስሳት ፉርጎ የጠበቁት ወጣቶች ባለ ትራስ መቀመጫ ባለው የመንገደኞች ባቡር ተሳፈሩ። ቴክሳስ በሚገኝ ካምፕ በደረሱ ማግሥት ነጭ ዳቦ፣ እንቁላልና ቡና ቀረበላቸው። ያን ቁርስ በነገሩኝ ቁጥር ድምፃቸው ይለወጥ ነበር፤ እኔም ታሪኩን በቃሌ እስክይዘው ሰማሁት።

ብዙ አዛውንት ምርኮኞች እንዲህ ያደርጋሉ። አሜሪካ የነበረው ስለ ነጭ ዳቦ፣ ካናዳ የነበረው ስለ በረዶውና ስለ እንጨት ቆረጣው፣ ሶቪየት ኅብረት የነበረው ደግሞ ስለ ረሃቡ ይነግራችኋል። ይህን ክፍል አታቋርጡት፤ «ይህንማ ነግረውኛል» አትበሉ። ሰውየው የሚያውቀውን መንገድ እየተመላለሰ የሚፈትናችሁ እናንተን ነው። ታሪኩ ይኸው ብቻ ነው ብላችሁም አትመኑ።

ሁለተኛው ክፍል የመጣው ስለ ጥጥ ማሳው ሲያወሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ የነበሩት ጀርመናውያን ምርኮኞች ወደ 370 ሺህ የሚጠጉ ነበሩ፤ የአገሩ ወንዶች ወደ ጦር ግንባር ስለሄዱም ተራ ወታደር የሆኑት በእርሻ፣ በእንጨት ሥራና በፋብሪካ እንዲሠሩ ይደረግ ነበር። ክፍያው በቀን 80 ሳንቲም ሆኖ በካምፑ ሱቅ ብቻ በሚያገለግል ኩፖን ይሰጣቸዋል። መኮንኖች በስምምነቱ መሠረት አይገደዱም። ወዳጄ የተመደቡት ለጥጥ ለቀማ ነበር። የጥጡ ፍሬ ቅርፊት ሲደርቅ ጫፉ እንደ እሾህ ስለሚሾል፣ ለቀማ ያልለመደ ሰው ጣቱ ከጥፍሩ ሥር ይደማል። በሁለቱም አውራ ጣቶቻቸው ላይ የቀረውን ትንሽ ጠባሳ አሳይተውኛል። በአቅራቢያው ማሳ ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች ይለቅሙ ነበር። ከእነሱ መካከል አንዲት አሮጊት ረጅሙን ከረጢት በትከሻቸው እየጎተቱ፣ በሁለት እጃቸው ከሁለት ረድፍ እየለቀሙ፣ ሦስት ጀርመናውያን ወጣቶች የሚሞሉትን ያህል ብቻቸውን ይሞሉ እንደነበር ይናገሩ ነበር። ዕረፍት ሲሆን ጠባቂው ለምርኮኞቹ በበረዶ የቀዘቀዘ ውኃ በባልዲ ያመጣላቸዋል፤ ጥቁሮቹ ከዚያ ባልዲ አይጠጡም፤ ከቤት ባመጡት ጠርሙስ ይጠጣሉ። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ ፊት ለፊት እያዩኝ ነበር።

የነገሩኝ እውነት እንደነበር በኋላ ካነበብኩት አረጋገጥኩ። ሩፐርት ትሪሚንግሃም የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ወታደር ያንክ ለተባለው የጦሩ መጽሔት በ1944 በጻፈው ደብዳቤ፣ ሉዊዚያና ውስጥ በአንድ የባቡር ጣቢያ እሱና ጓደኞቹ ምግብ ለማግኘት በጓሮ ወደ ወጥ ቤቱ እንዲዞሩ መደረጋቸውን፣ በዚያው ሰዓት ጀርመናውያን ምርኮኞች ከጠባቂዎቻቸው ጋር በፊት ለፊት በር ገብተው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው መስተናገዳቸውን ገልጿል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወዳጄ ይህን የነገሩኝ ከልባቸው ስለቆረቆራቸው ነው፤ ያም ሆኖ አንዳንድ ቀን፣ በተለይ የጀርመን ወንጀል በቴሌቪዥን በተነሳ ቁጥር፣ ያንኑ ታሪክ እንደ መክፈያ ሲያወጡት አስተውያለሁ። «አሜሪካኖቹስ ምን ነበሩ?» ይሉኛል። ጥቁር ስለሆንኩ እስማማለሁ ብለው ጠብቀው ይሆናል። የአሮጊቷ በደል ለአሮጊቷ የሚከፈል ዕዳ እንጂ የእናንተን የሚያወራርድ ሒሳብ አይደለም አልኳቸው። ለሁለት ሳምንት ያህል ኩርፊያ ቢጤ ነበረ፤ ከዚያ የተነቀለ ካሮት ይዘው መጠለያው በር ላይ መጡ። በእንክብካቤ ቤት የምትሠሩ ወገኖች እንዲህ ያለው ንግግር ይገጥማችኋል፤ ቆዳችሁን አይተው የእኛ ወገን ነህ፣ የእኛ ወገን ነሽ ሊሏችሁ የሚሞክሩ አሉ። በጨዋነት አለመስማማት ይቻላል፤ ሥራውንም ሆነ ወዳጅነቱን አያፈርስም።

ስለ ካምፑ የውስጥ ሕይወት ያወሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከአሜሪካውያን ጠባቂዎች ይልቅ የሚፈሩት የራሳቸውን ጓዶች ነበር። በየካምፑ የናዚ ጽኑ ደጋፊዎች ሌሊት ሌሊት ችሎት እየተቀመጡ፣ ከዳተኛ ያሉትን ይደበድባሉ፤ ይገድላሉም። በኦክላሆማ ቶንካዋ ካምፕ ዮሐንስ ኩንትሰ የተባለው ምርኮኛ በኖቬምበር 1943 ለአሜሪካውያን ወሬ ያቀብላል ተብሎ በገዛ ጓዶቹ ተደብድቦ ሞተ፤ ለዚህም አምስት ሰዎች በሐምሌ 1945 በፎርት ሌቨንወርዝ ተሰቅለዋል። ወዳጄ በነበሩበት ካምፕ አልጋቸው ከጎናቸው የነበረ ልጅ ጦርነቱን እንሸነፋለን ብሎ በመናገሩ ብቻ ለሳምንታት ጫማውን ሳያወልቅ እንደተኛ ይናገሩ ነበር። እሳቸው ምን አደረጉ? ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ይህን ሲነግሩኝ ማስተባበያ አልጨመሩበትም፤ እኔም አላጽናናኋቸውም።

በ1945 ጦርነቱ ሲያበቃ ምርኮኞቹን ሰብስበው የማጎሪያ ካምፖችን ፊልም አሳዩአቸው። በአዳራሹ የነበረው አብዛኛው ሰው ፕሮፓጋንዳ ነው አለ፤ እሳቸውም ከእነዚያ አንዱ ነበሩ። በዓመቱ ወደ አገራችሁ ትሄዳላችሁ ተብለው መርከብ ላይ ሲሳፈሩ፣ መርከቡ ያወረዳቸው ግን ሊቨርፑል ነበር። በዚያን ጊዜ ብሪታንያ ውስጥ ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ ጀርመናውያን ምርኮኞች ሲኖሩ፣ ብዙዎቹ በእርሻ፣ በመንገድና በቤት ሥራ ተሰማርተው ነበር። ከአካባቢው ሕዝብ ጋር እንዳይገናኙ የሚከለክለው ደንብ የላላው በዲሴምበር 1946 ስለሆነ፣ የዚያ ዓመት ገና ብዙ እንግሊዛውያን ምርኮኞችን ቤታቸው የጋበዙበት ገና ሆነ። ወዳጄም አንድ ገበሬ ቤት ተጋበዙ። ምን ተባባላችሁ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ማንም ምን እንደሚል ስላላወቀ ምሳውን ሙሉ ስለ አሳማ በሽታ ሲያወሩ እንደዋሉ ነገሩኝ። የመጨረሻዎቹ በ1948 ሲመለሱ 24 ሺህ ያህሉ እዚያው ቀርተዋል። የማንችስተር ሲቲ በረኛ የነበረው በርት ትራውትማን ከእነዚህ አንዱ ነው። ወዳጄ ግን ተመለሱ፤ ሙንስተር በሚገኘው የመልቀቂያ ካምፕ የስንብት ወረቀታቸውን ይዘው እናታቸው ቤት ገቡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከ1995 ጀምሮ የሃምቡርግ የማኅበራዊ ምርምር ተቋም ያዘጋጀው፣ የጀርመን መደበኛ ጦር በምሥራቅ አውሮፓና በሰርቢያ ስለፈጸማቸው ወንጀሎች የሚያሳይ ዐውደ ርእይ በየከተማው ሲዞር አገሩ ሁሉ ይከራከርበት ነበር። በዚያን ጊዜ እኔ ሥራ ይዤ፣ ቤተሰብ መሥርቼ፣ ልጆቼም ሽማግሌውን «ኦፓ»፣ አያታችን ማለት ነው፣ እያሉ ይጠሩ ነበር። አንድ ማታ ቡና እየጠጣን ዜናው ሲመጣ «ያ ምሥራቅ ነው፤ እኛ አፍሪካ ነበርን፤ የእኛ ጦርነት ንጹሕ ነበር» አሉ። ይህን አባባል ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ፤ በአፍሪካ የዘመተው የጀርመን ጦር ንጹሕ ጦርነት ተዋጋ የሚለው አነጋገር በጀርመንም በእንግሊዝም የተለመደ ነበር።

እኔ ደግሞ አስቀድሜ ስለ ቱኒዚያ አንብቤ ነበር። ጀርመኖች ቱኒዚያን በያዙባቸው ስድስት ወራት፣ ከኖቬምበር 1942 እስከ ግንቦት 1943፣ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ የአገሩን አይሁድ ወንዶች ሰብስበው በወደቦች፣ በአውሮፕላን ማረፊያዎችና በምሽግ ቁፋሮ ላይ በግዳጅ ያሠሩአቸው ነበር። በቱኒስ ይህን ያስፈጽም የነበረው ኤስ ኤስ የተባለው የናዚ ፓርቲ የታጠቀ ኃይል መኮንን ቫልተር ራውፍ፣ ቀደም ሲል ሰዎች በጋዝ የሚገደሉባቸውን መኪናዎች ያሰማራ ሰው ነው። ስለዚህ ወዳጄን ጥፋተኛ ናችሁ ወይስ አይደላችሁም አላልኳቸውም፤ አይሁድን አይታችኋል ወይ ብዬም አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፦ «የአውሮፕላን ማረፊያው ሲደበደብ የምትገቡበትን ጉድጓድ የቆፈረው ማን ነበር?»

መልሱ ቶሎ አልመጣም። ሲኒያቸውን አስቀምጠው ተነሡ፣ መስኮቱን ዘጉ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። «ከከተማ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ» አሉ። ምን ዓይነት ሰዎች? «የከተማ ልብስ የለበሱ። አንዱ ኮትና ክራባት ነበረው፤ አካፋ አያያዝ አያውቅም ነበር።» ከዚያ ቀስ እያሉ ሁሉንም ነገሩኝ። የእንግሊዝና የአሜሪካ አውሮፕላኖች ሲመጡ ወታደሮቹ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባሉ፤ የቆፈሩት ግን ሜዳ ላይ እንዲቀሩ ይታዘዛል። አንድ ጊዜ ያ ኮት ለባሹ ሰው ወዳጄ ካሉበት ጉድጓድ ዘልሎ ገባ። የአሥር አለቃው «አስወጣው» ሲላቸው አስወጡት። ገፍተው ነበር ወይስ በቃል ብቻ? «ገፍቼ» አሉኝ። ሰውየው ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ አላዩም፤ ራሳቸውን ሸፍነው ነበርና።

ይህን ለማን ነግረው ያውቃሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። ለማንም። ለባለቤታቸውም ለልጆቻቸውም አልተናገሩም። ማንም ጠይቋቸው አያውቅም፤ በእርግጥ እሳቸውም ጥያቄው እንዳይመጣ ነጩን ዳቦና ጥጡን አስቀድመው ያወሩ ነበር። ከዚያች ማታ ወዲህ አልሸሸኋቸውም፤ ይቅር አልኳችሁም አላልኳቸውም፤ ይቅርታው የእኔ አልነበረምና። ሁለት ነገር ብቻ አደረግኩ፦ ያሉኝን በዚያው ሌሊት በቃላቸው ጻፍኩት፣ በነጋታውም መጻፌን ነግሬ አነበብኩላቸው። አንድ ቦታ አረሙኝ። አሥር አለቃው ጮኾ አልነበረም ያዘዘው፤ በተራ ድምፅ ነው።

አንድ ሰው ከዚህ ወስዶ ሊሠራበት የሚችለው ነገር ጥያቄው ነው ብዬ አምናለሁ። «በጦርነቱ ምን አደረጉ?» የሚለው ጥያቄ ሰውን ለመከላከያ ንግግር ያዘጋጀዋል፤ «ጉድጓዱን ማን ቆፈረ? እንጀራውን ማን ጋገረ? መንደሩ ስትደርሱ በሬዎቹ የማን ነበሩ?» የሚለው ግን ዓይኑን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ለዚህ አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል፤ የነበረበትን ቦታና ጊዜ ሳያውቁ ትንሽ ጥያቄ መጠየቅ አይቻልም። ጊዜም ይመረጣል። ጀርመኖች የጦርነት ሙታንን የሚያስቡበት የኖቬምበሩ እሑድና የገና ሰሞን ሰዎቹ በራሳቸው የሚከፈቱበት ወቅት ነው፤ ሌሊትና ከሕመም በኋላ ያለው ጊዜ ግን ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ አይሆንም። በድብቅ በስልክ መቅዳት ደግሞ በጀርመን ሕግ ወንጀል ከመሆኑም በላይ ነውር ነው።

ሰውየው የመርሳት ሕመም ካለበት ነገሩ ሌላ ነው። በእንክብካቤ ቤት የሚሠሩ ወዳጆቼ ዳቦ በትራስ ሥር የሚደብቁ፣ ስማቸው ሲጠራ ተነሥተው ቁጥር የሚናገሩ፣ ገላ መታጠቢያ ክፍል ሲገቡ የሚንቀጠቀጡ አዛውንት እንዳጋጠሟቸው ነግረውኛል። እንዲህ ያለውን ሰው አትጠይቁት፣ አትከራከሩት፣ ዳቦውንም እያየ አትውሰዱበት። ያያችሁትን ለቡድኑ ንገሩ፤ ስለ ሰውየው ያለፈ ሕይወት በሚሞላው ቅጽ ላይ እንዲሰፍር አድርጉ። በምርኮ የኖረበት አገር ከታወቀ በሌሊት ፈረቃ የሚገቡ ሠራተኞች ምን እንደሚያስደነግጠው አስቀድመው ያውቃሉ።

ወንድሜንም በዚሁ መንገድ ነው የጠየቅኩት። አገሩ ከገባ በኋላ ለዓመታት በስልክ የሚነግረኝ ስለ ሙቀቱና ስለ ሩዙ ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ሄጄ አብረን ስንቀመጥ፣ ደብዳቤ ስትጽፉ እርሳሱን የሚይዘው ማን ነበር አልኩት። ሌሊቱን ሙሉ አወራኝ። እሱ የነገረኝ የእሱ ስለሆነ እዚህ አላነሣውም።

ሽማግሌው ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው የአባታቸውን የጦር ዘመን ወረቀት መፈለግ ጀመሩ። የጀርመን ጦር ወታደሮችን የግል መዝገብ ይይዝ የነበረው የበርሊኑ መሥሪያ ቤት፣ ሽማግሌዎቹ በምህጻረ ቃሉ ቫስት እያሉ የሚጠሩት፣ ከ2019 ጀምሮ የፌዴራሉ ቤተ መዛግብት አካል ሆኗል፤ ስም፣ የትውልድ ቀንና ቦታ እንዲሁም የዘመድነት ማስረጃ ይዞ የሚያመለክት ሰው መልስ ያገኛል፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። የማንነት መለያ ብረቱ ቁጥር ከተገኘ ፍለጋው ይቀላል። ምርኮውን በተመለከተ ጄኔቭ የሚገኘው የቀይ መስቀል ኮሚቴ ቤተ መዛግብትም ጥያቄ ይቀበላል። ለልጆቹ የመጣላቸው መልስ የክፍሉን ስም፣ የተማረኩበትን ቦታና የካምፑን ቁጥር የያዘ ነበር። ስለ ጉድጓዱ ወረቀቱ ምንም አይልም፤ እንዲህ ያለ ነገር በማንም መዝገብ አይሰፍርም።

ስለዚህ የጻፍኩትን ይዤ ሄድኩ። አባታቸው መጻፌን እንደሚያውቁና እንዳረሙት ነግሬ ለሁለቱም አንድ አንድ ቅጂ ሰጠኋቸው። ወንድየው ሁለተኛውን ገጽ ካነበበ በኋላ መለሰልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታችንም ቀዝቅዟል። ሴቷ ግን ከደብዳቤዎቹና ከስንብት ወረቀቱ ጋር አንድ ላይ አድርጋ ለከተማው ቤተ መዛግብት አስረከበችው። ቤተ መዛግብቱም ቤተሰቡ በወሰነው ጊዜ ብቻ ለአንባቢ ክፍት እንዲሆን የሚያስችል ውል ፈርሞ ተቀበላት። በእጃችሁ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያላችሁ፣ የከተሞቹ ቤተ መዛግብት የግል ወረቀት እንደሚቀበሉ፣ የመዳረሻ ገደብ ማስቀመጥ እንደሚቻልም እወቁ፤ የአማርኛ ማስታወሻ ከሆነም የጀርመንኛ ትርጉሙን አያይዛችሁ ማስረከብ ትችላላችሁ።